የሁስና የሚዛን ኬክ

መቱ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለውን የሁስናን ሱቅ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ገዢ ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ሆኖ ይጠብቃል። ሁስና ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ የመጣውን በኦሮምኛ ተቀብላ፣ በአማርኛ ቀልዳ፣ በሁለቱም መርቃ ትሸኛለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስኳር በወረቀት ትጠቀልልና መዳፏ ላይ አስቀምጣ ትንሽ ካመዛዘነችው በኋላ፣ «ሩብ ኪሎ ነው፤ ካላመንክ መዝነው» ትላለች። የሚመዝን አይጠፋም። ሩብ ኪሎ ሆኖ ያገኘዋል።

«እጄ ሚዛን ነው» ትላለች ያን ጊዜ። «ከእናቴ የወረስኩት ነው።»

እናቷ ወይዘሮ ዲሪቤ፣ በኦሮምኛው አደ ዲሪቤ፣ ከሞቱ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ለሁስና የተዉላት ሁለት ሳህን ያለው አሮጌ ሚዛን፣ አንድ ወፍራም ድስት፣ እና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የጡጫ ያህል ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ያየ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ድንጋዩ የኬክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎሬ ነው። የሁስና አያት በወጣትነታቸው እዚያ አንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ቤት ወጥ ቤት ነበሩ። የነጋዴው ሚስት በበዓል ቀን ኬክ ስትጋግር በአንዱ የሚዛን ሳህን ላይ የነሐስ መመዘኛ ታስቀምጣለች። በሌላው ላይ መጀመሪያ ቅቤ፣ ከዚያ ስኳር፣ ከዚያ ዱቄት፣ በመጨረሻ እንቁላል ከነቅርፊቱ ትመዝናለች። አራቱም እኩል ናቸው። ከተፋቀ የሎሚ ልጣጭ በቀር ሌላ ነገር አይገባበትም። ነጋዴው ወደ አገሩ ሲመለስ ሚዛኑን ለአያትየዋ ተወላቸው፤ የነሐሱን መመዘኛ ግን ይዞት ሄደ። እሳቸው ደግሞ ብልህ ነበሩ። ቀደም ብለው ከነሐሱ ጋር እኩል የሚመዝን የወንዝ ድንጋይ ፈልገው ሸሽገዋል። ኬኩ ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ «የሚዛን ኬክ» ይባላል። ሁስና የምታውቀው ታሪክ ይህ ነው።

በዚህ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር የሚዛን ኬክ ይዛ ትሄዳለች። ሳይቆረስ፣ ሙሉውን፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ። ሙሽራዋና የባሏ እናት አብረው ይቆርሱታል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሁስና ወደ መህዲ ቤት ስትገባ፣ አማቷ ለልጃቸው ሌላ አስበው ስለነበር ፊታቸውን አጥቁረው ነው የተቀበሏት። ኬኩን ቆርሰው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ይህን እናትሽ ናት የጋገረችው?»

«አዎ።»

«አንቺስ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች ሁስና።

ዋሽታ ነበር። ከዚያ በኋላም ኬክ ባስፈለገ ቁጥር እናቷን ታስጠራለች። አደ ዲሪቤ ሚዛኑን፣ ድንጋዩንና ድስቱን አስይዘው ይመጣሉ፣ በር ዘግተው ይጋግራሉ። ሁስና እሳት ታቀርባለች፣ ሎሚ ትፍቃለች። ሲወጣ ግን «የሁስና ኬክ» እየተባለ ይበላል። እናቲቱ ይስቃሉ እንጂ አንድ ቀን አላጋለጧትም። እንዲህ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ።

አሁን በታኅሣሥ፣ ቡናው ተለቅሞ ግቢው ሁሉ ማስጫ በሆነበት ወቅት፣ የመጨረሻ ልጇ ሩዋይዳ ልትዳር ነው። ሙሽራው ሱሌማን የያዮ ልጅ ነው፤ ማር ይነግዳል። እሑድ ይመጣሉ። ሐሙስ ጠዋት ሁስና ሣጥኑን ከፈተች፣ ሚዛኑን አወጣች፣ ድስቱን አወጣች። ነጩ ጨርቅ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ድንጋይ የለበትም።

«መህዲ! ድንጋዩ የት አለ?»

«የቱ ድንጋይ?» አለ ባሏ፣ ሻይ እየጠጣ።

«የእናቴ!»

መህዲ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ያስቀመጠበት አኳኋን ለሁስና በቂዋ ነበር።

«መህዲ!»

«ማክሰኞ ቡናው መኪና ላይ ሲጫን… ቁልቁለቱን ታውቂዋለሽ። ከጎማው ሥር ያደረግነው ትልቅ ድንጋይ እየተንሸራተተ አስቸገረን። ከሥሩ የሚሸጎጥ ትንሽ ድንጋይ ፈለግን። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ዕቃው ሁሉ ደጅ ወጥቶ አልነበር? እዚያው አየሁትና…»

«በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ!»

«ጨርቁንማ አንስቻለሁ» አለ መህዲ፣ ይህ ጥፋቱን የሚያቀልለት ይመስል። «አጣጥፌ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሩዋይዳ ሳቋ አመለጣት። የእናቷን ፊት ስታይ አፏን በሻሿ ያዘች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሁስና፣ «ሰባ ኩንታል ቡና በእናቴ ኬክ አስደግፈህ አቆምክ?»

«ጠንካራ ድንጋይ ነበር» አለ መህዲ በትሕትና።

መኪናው ከሄደ ሁለት ቀን ሆኖታል። መህዲ የቀረ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናው ቆሞበት ከነበረው ቁልቁለት ማዳበሪያ ተሸክሞ ተመለሰና ሰባት ድንጋይ በረንዳው ላይ ደረደረ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም የጡጫ ያህል፣ ሁሉም የመንገዱን ቀይ አቧራ የለበሱ።

«ከሰባቱ አንዱ ነው» አለ። «በረቢ ይሁንብኝ፣ ከሰባቱ አንዱ ነው።»

ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉብርሃን ጫጫታውን ሰምተው በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። ቤተሰባቸው ከጎጃም የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋል።

«ምንድን ነው? ቤት ልትሠሩ ነው?»

«ኬክ ልንጋግር ነው፣ እትዬ ሙሉ» አለች ሩዋይዳ።

«በድንጋይ? እንኳንም ጾም ሆነ።»

የገና ጾም ላይ ነበሩ። እትዬ ሙሉብርሃን ቅቤና እንቁላል ያለበት ነገር ወደ አፋቸው አያስጠጉም። ቢሆንም አደ ዲሪቤ በጾም ወራት ሲጋግሩ አንድ ቁራሽ ለእሳቸው በቆርቆሮ ተከድኖ እስከ ፍስክ ይቀመጥ ነበር። በጋገሩ ቁጥርም መጥተው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አይቀምሱም፣ ያሸታሉ። «በአፍንጫዬ ነው የምፈርደው» ይላሉ። የአደ ዲሪቤ ኬክ ሊወጣ ሲል የሚሰጠውን ሽታ እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

«እማ፣ ለምን በሱቁ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ አናደርገውም?» አለች ሩዋይዳ።

«ድንጋዩ ግማሽ ኪሎ አይደለማ።»

«ስንት ነው?»

«ስንት እንደሆነ ድንጋዩ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን በኪሎ ተመዝኖ አያውቅም። እናቴ እንዲመዘንም አትፈቅድም ነበር።» ሁስና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ተዉኝ። እጄ ያውቀዋል።»

ሰባቱን ድንጋይ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ እያስቀመጠች ዓይኗን ጨፈነች። ይኼ ቀለለ፣ ያኛው ሾለ፣ አንዱ ደግሞ እጅ አይሞላም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ የእናቷ ማድ ቤት፣ የእናቷ ቀሚስ፣ «አደራ እንዳትጥዪው» የሚለው ድምፃቸው አብሮ መጣባት። ትንሽ ልጅ ሆና ነበር ድንጋዩን አቀብይኝ የምትባለው። ያኔ ከባድ ነበር።

«ይኼ ነው» አለች።

የተመረጠው ከሁሉም ትልቁ ነበር።

ዓርብ መሞከሪያውን ጋገሩ። ከዳሪሙ የመጣውን ለጋ ቅቤ አሬራው እስኪወጣ ደጋግመው አጠቡ። ሚዛኑ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ተሰቀለ። ቅቤው ተመዘነ፣ ስኳሩ ተመዘነ፣ ዱቄቱ ተመዘነ። እንቁላሉ ላይ ሲደርሱ ሩዋይዳ እየጨመረች፣ እየጨመረች፣ ሚዛኑ አልነሣ አላት።

«እማ፣ ሃያ አንድ ሆነ። አልበዛም?»

«እናቴም ብዙ ነበር የምታደርገው። ምቺ ዝም ብለሽ።»

ቅቤና ስኳሩን ነጭ እስኪሆን መቱት፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ ሰብረው ጨመሩ፣ ዱቄቱን ነዙበት። ድስቱን በእሳት በለሰለሰ ኮባ ለበጡትና ሊጡን ገለበጡበት። እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ከሥር ከሰል፣ ከላይ የቆርቆሮ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ፍም። እትዬ ሙሉብርሃን ዱካቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ደኅና ነበር። ከዚያ ክዳኑ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ እንደሚነሣ ሰው ከአንድ ጎኑ ብድግ አለ።

«ሁስና፣ ክዳኑ ሰላም እያለሽ ነው» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን።

ሁስና ክዳኑን በጨርቅ ጫን ብታደርገው በሌላው ጎን ተነሣ። ሊጡ በድስቱ ከንፈር ዙሪያ ወጥቶ ከሰሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ፍሙ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ፣ ድመቷ ዘላ ወጣች፣ የተቃጠለ ስኳር ጢስ ማድ ቤቱን ሞላው። ሩዋይዳ ፍም በመቆስቆሻ እያባረረች ትስቃለች፣ ሁስና በሁለት እጇ ክዳን ይዛ ወደ ጣሪያው ትጮሃለች። ድስቱ ሲወርድ ዳሩ ከሰል፣ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ተገኘ።

መህዲ ማንኪያ ይዞ መጣ።

«ወላሂ ይጣፍጣል» አለ።

«ገንፎ ነው!»

«ጥሩ ገንፎ ነው» አለና ድስቱን ታቅፎ ወደ በረንዳው ሄደ። ጥፋቱን በመብላት ሊክስ ቆርጦ ነበር።

እትዬ ሙሉብርሃን ነጠላቸውን አራገፉ። «እንዲህ አይሸትም ነበር» ብለው ብቻ ዱካቸውን አንሥተው ሄዱ። ፍርድ ነው፤ አፍንጫቸው አያደላም።

ሁስና ማድ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ገልብጣ ታየው ጀመር። ሠላሳ ዓመት ስኳር የመዘነ እጅ ነው። ደንበኛን አታሎ አያውቅም። እሷን ግን አታለላት። በልጅነት የያዙት ነገር በትዝታ ሲኖር እየከበደ እንደሚሄድ ማን ይነግራታል?

«ሩዋይዳ፣ ነይ ተቀመጪ» አለች። «አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ይህን ኬክ ጋግሬው አላውቅም። ለአባትሽ እናት እችላለሁ ብዬ ዋሽቼ ነው እዚህ ቤት የገባሁት። አሁን ደግሞ አንቺን ባዶ እጅሽን ልሰድሽ ነው።»

ሩዋይዳ መሬት መሬቱን አየች።

«እማ… የሱሌማን እናት ባለፈው ወር ጠይቀውኝ ነበር። የሚዛን ኬክ ትችያለሽ ወይ ብለው።»

«ምን አልሽ?»

«እችላለሁ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መህዲ በረንዳው ላይ ሆኖ «ምንድን ነው? ምን አለ?» እያለ ቢጮህ የሚመልስለት አላገኘም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሁስና አክስት ሊቺ ከኖፓ ደረሱ። የአደ ዲሪቤ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ቢሆንም ከባጃጅ ሲወርዱ የሚደግፋቸውን ሰው በዘንጋቸው ያባርራሉ። በክንዳቸው ቅርጫት ይዘዋል፤ ውስጡ በጭድ የተደለደለ የአገር እንቁላል ነው። በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ሰባት ድንጋዮች አይተው ቆሙ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ እስቲ ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ሁስና ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ መኪናው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ክዳኑ። መህዲ ከበሩ ኋላ ሆኖ ይሰማል። አክስቷ እስኪያልቅ ሰሙና መሳቅ ጀመሩ። እየሳቁ ተቀመጡ፣ ተቀምጠውም ሳቁ።

«የአያትሽ ድንጋይ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«እናቴ ናት እንጂ!»

«የአያትሽ ድንጋይ እናትሽ ከጎሬ መቱ ስትመጣ ከአህያ ጭነት ወድቆ ቀረ። ሁለተኛውን አጎትሽ ጨው ሲፈጭበት ለሁለት ሰነጠቀው። ያንቺ ሦስተኛው ነው። ከሶር ወንዝ፣ ልብስ ስናጥብ፣ እኔና እሷ ነን ያመጣነው። አንቺ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ።»

ሁስና ወደ አክስቷ ተጠጋች። «ታዲያ ልኩን እንዴት አወቃችሁት? ነሐሱ የለ፣ ድንጋዩ የለ።»

«ሚዛኑን ስቀዪው» አሉ አክስቷ።

ሚዛኑ ተሰቀለ። አክስት ሊቺ ከቅርጫታቸው እንቁላል እያወጡ በአንዱ ሳህን ላይ ቀስ ብለው ደረደሩ። አስራ አንድ ሲሞላ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ለዚህ ድስት አስራ አንድ ነው። ቅቤውን በወዲያኛው ሳህን አድርጊ።»

«ድንጋዩስ?»

«እንቁላሉ ድንጋይ አይሆንም እንዴ? ቅቤው ከእሱ ጋር እኩል ይሁን፣ ስኳሩም፣ ዱቄቱም። አለቀ። ድንጋዩን የያዝነው አስራ አንድ እንቁላል ባንድ ጊዜ የሚገኝ ስላልነበር ነው። አንዱን ዛሬ ከጎረቤት፣ ሁለቱን ነገ ከገበያ ነበር የምናጠራቅመው። ድንጋይ ቢቀመጥ አይበላሽ፣ ድመት አይሰብረው።» መህዲ ወዳለበት ዞር አሉ። «ጎማ ሥር የሚያስገባው አማች ከሌለ።»

«ሰምቻለሁ» አለ መህዲ ከበሩ ኋላ።

ሩዋይዳ ግን ቅቤውን ከማንሣቷ በፊት አንድ ነገር ትዝ አላት። ሮጣ ሄዳ ድንጋዮቹን አጥባ አመጣችና በባዶው ሳህን ላይ አንድ በአንድ ማስቀመጥ ጀመረች። የሁስና ምርጫ እንቁላሎቹን ሽቅብ አነሣቸው። ሁለተኛው ቀለለ። ሦስተኛውም ቀለለ። አራተኛው ሲቀመጥ የሚዛኑ ክንድ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይኸው!» መህዲ ከተደበቀበት ወጣ። «ከሰባቱ አንዱ ነው አላልኩም?»

ሁስና ድንጋዩን አነሣችው። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከመዳፏ መሐል ልክ ይገባል። ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። እጇን ሙሉ በሙሉ ማመን ትናንት በቅቷታል።

«እሱ ነው፣ አክስቴ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ስሙን አልጻፍንበት። እሳት አቀጣጥዪ ይልቅ።»

ጋገሩት። ቅቤና ስኳሩን ሁስና ራሷ መታችው፤ ክንዷ ቢዝልም ለማንም አልሰጠችም። አስራ አንዱ እንቁላል ተሰበረ፣ ዱቄቱ ገባ፣ ሎሚው ተፋቀ። ሊጡ የድስቱን ግማሽ ብቻ ያዘ። ክዳኑ ተከደነ፣ ፍሙ ተጫነ፣ ዱካው ደጃፉ ላይ ቦታውን ያዘ። ሩዋይዳ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ቀና አለች።

«እማ፣ ፈረንጆቹ ፓውንድ ኬክ ይሉታል። አንድ ፓውንድ ስንት ግራም እንደሆነም ተጽፏል። ድንጋዩን በሱቁ ሚዛን ልመዝነው?»

«ተዪው» አለች ሁስና። «እስካሁን ሳይመዘን ኖሯል።»

አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እትዬ ሙሉብርሃን ወሬያቸውን አቋረጡ። አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁስና መቆስቆሻዋን እንደያዘች ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች።

«ዲሪቤ መጣች» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን ቀስ ብለው። «አውጪው፣ እንዳያርርብሽ።»

ክዳኑ ሲነሣ ኬኩ ወርቅማ መስሎ፣ አናቱ ላይ በስሱ ተሰንጥቆ፣ ከኮባው ጋር ተቃቅፎ ተቀምጧል። ሁስና ነካ አደረገችው፤ ጎድጎድ አለና ተመለሰ። ማንም ሳያያት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁሉም አይተዋታል።

«አክስቴ፣ እንቁላል ተርፏል?»

«አስራ ሁለት።»

«እንግዲያው አንድ ለእኛ እንድገም። ለእትዬ ሙሉም እስከ ገና የሚቀመጥ ቁራሽ ያስፈልጋል።»

«ዳሩን አይደለም የምፈልገው» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን። «መሐሉን።»

እሑድ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ሁስና በአዲስ ኮባ የተጠቀለለውን ኬክ በእቅፏ አስቀመጠችላት። ቀጥሎ በነጩ ጨርቅ የተጠቀለለውን ድንጋይ ሰጠቻት።

«እማ! አንቺስ?»

«እኔ እንቁላል መቁጠር ተምሬያለሁ። ካማረኝም ሶር ሩቅ አይደለም።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሩዋይዳ ናት፣ ከያዮ፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አማቴ ሁለቴ ቆረሱ፣ እማ። ሦስተኛውን ለራሳቸው ደበቁ። አሁን ደግሞ ለዓርብ ጋግሪልኝ እያሉ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«እችላለሁ አልኳቸው» አለች ሩዋይዳ፣ ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ እያለው። «ደግሞ እውነቴን ነው።»

ሁስና ስልኩን ሳትዘጋ ከውጭ የመኪና ጩኸት ተሰማ። አዲስ ጭነት መጥቷል። መህዲ ከቁልቁለቱ ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ ትልቁ ድንጋይ እየተንሸራተተ ነው፣ የሚሸጎጥ ትንሽ ድንጋይ ፈልጉልኝ ይላል።

«በረንዳው ላይ ስድስት አሉልህ!» ብላ መለሰችለት ሁስና። «የፈለግኸውን ምረጥ!»